የፍርድን ቀን መጠባበቅ

ፍርድ የሚጠባበቅ ሰው ቀኑን የሚቈጥረው ሌላው ሰው በሚቈጥርበት አኳኋን አይደለም። ነጋዴ ዓመቱን በትርፉ፥ ገበሬም በዝናሙና በመከሩ ይቈጥረዋል፤ ለባለጉዳይ ግን ዳኛው እስኪናገር ድረስ ቀኑ ሁሉ አንድ ነው። ይህም ሆኖ የሰው ልጅ ጭንቀቱን ታግሦ በዳኛ ፊት መቆምን መረጠ እንጂ በጉልበቱ መፍረድን አልመረጠም። አባቶች «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቈጨኛለች» ሲሉ የተናገሩት ቃል የዚህን ምክንያት በአጭሩ ይገልጸዋል። ተከራክሮ የተረታ ሰው ንብረቱ ቢሄድበትም ቃሉ ተሰምቶለታል፤ ሳይሰማ የተወሰደበት ሰው ግን ያጣው ነገር ጥቂት ቢሆን እንኳ ቍጭቱ አይወጣለትም።

የዚህ ቃል እውነትነት ከተፈተነባቸው ነገሮች አንዱ፥ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ2015 ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰጠው ፍርድ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚያው አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። የክርክሩ ጭብጥ ፆታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች የሚፈጽሙት ጋብቻ በአገሪቱ ሁሉ በሕግ ይጸናል ወይስ አይጸናም የሚል ነበር። በኢትዮጵያ ሕግ ጋብቻ የሚጸናው በወንድና በሴት መካከል ብቻ ስለ ሆነ፥ ብዙ አንባቢ ለነገሩ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንባቢ ስለ ጋብቻ ያለው እምነት የቱም ቢሆን፥ አንድ ታላቅ ሕዝብ ለሁለት ተከፍሎ ሳለ የዘጠኝ ዳኞችን ቃል እንዴት እንደ ጠበቀ መመልከቱ የሚጠቅም ነው።

የነገሩ መነሻ አንዲት ወረቀት ናት። ኦሃዮ በተባለው ግዛት፥ ሲንሲናቲ በተባለችው ከተማ፥ ሚስተር ጄምስ ኦበርገፌልና ሚስተር ጆን አርተር የተባሉ ሁለት ሰዎች ከ20 ዓመት በላይ አብረው ኖረዋል። በ2011 ዓመት ሚስተር አርተር ነርቭን እየገደለ ጡንቻን ሁሉ በሚያደክም፥ መድኃኒትም በሌለው ብርቱ ሕመም ተያዙ። ሁለት ዓመት ሳይሞላም ከአልጋ መነሣት ተሳናቸው። የኦሃዮ ሕዝብ በ2004 ዓመት ድምፅ ሰጥቶ፥ ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል ብቻ እንዲሆን በግዛቱ ሕገ መንግሥት አጽፎ ስለ ነበረ፥ በገዛ ከተማቸው ሊጋቡ አልቻሉም። ስለዚህ ወዳጅ ዘመዶቻቸው ገንዘብ አዋጥተው ለሕመምተኛ የተዘጋጀ ትንሽ አውሮፕላን ተከራዩላቸው። በጁላይ 11 ቀን 2013 ዓመት እንዲህ ያለው ጋብቻ ወደ ተፈቀደበት ወደ ሜሪላንድ ግዛት በረሩ። ባልቲሞር አጠገብ ባለው የአየር ጣቢያ፥ ሕመምተኛው ከአውሮፕላኑ ሳይወርዱ፥ የሚስተር አርተር አክስት ቃል ኪዳናቸውን አስፈጸሙላቸው፤ በዚያው ቀንም ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ጠበቃ ወደ ቤታቸው መጥቶ፥ የኦሃዮ መንግሥት ለሞተ ሰው የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት ገና ምንም ሳይጻፍበት አሳያቸው። በወረቀቱም ላይ የሟቹ የትዳር ሁኔታ የሚጻፍበት ቦታና የትዳር ጓደኛው ስም የሚሞላበት ቦታ ነበረ። ጠበቃውም ሚስተር አርተር በሞቱ ጊዜ ግዛቱ ያላገቡ ናቸው ብሎ እንደሚጽፍ፥ የትዳር ጓደኛ የሚለውንም ቦታ ባዶ እንደሚተወው ነገራቸው። ሰዎቹ ወደ ፍርድ ቤት የሄዱት ስለዚህ ነው። የለመኑት ርስት ወይም ገንዘብ አልነበረም፤ በመጨረሻው ወረቀት ላይ አንድ ቃልና አንድ ስም እንዲጻፍ ብቻ ነበር።

አቤቱታው በጁላይ 19 ቀን ቀረበ። የፌዴራሉ ዳኛ ቲሞቲ ብላክም ሕመሙ ጊዜ የማይሰጥ መሆኑን ተመልክተው በሦስተኛው ቀን ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጡ፤ ይኸውም ሚስተር አርተር ሲሞቱ ያገቡ ተብለው እንዲጻፉ ነው። ሚስተር አርተር በኦክቶበር 22 ቀን 2013 ዓመት ዐረፉ፤ ወረቀቱም በትእዛዙ መሠረት ተጻፈ። ነገር ግን ግዛቱ ይግባኝ ስላለ የተጻፈው ቃል ጸንቶ መኖሩ አጠራጣሪ ሆነ። ሚስተር ኦበርገፌልም በአንድ ጊዜ ሐዘንተኛም ባለጉዳይም ሆነው ቀሩ።

ፍርድ የሚጠባበቁት እሳቸው ብቻ አልነበሩም። ከኦሃዮ፥ ከሚቺጋን፥ ከኬንታኪና ከቴኔሲ የመጡ 14 ጥንዶችና የትዳር ጓደኞቻቸው የሞቱባቸው ሁለት ሰዎች በየግዛታቸው አቤት ብለው ነበር። በሚቺጋን የሚኖሩ ሁለት ሴቶች ነርሶች ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ሊያሳድጓቸው ያልቻሉትን ሕፃናት፥ ከእነርሱም ውስጥ ያለ ጊዜው ተወልዶ ብርቱ ጥበቃ የሚያስፈልገውን ሕፃን ተቀብለው ያሳድጋሉ። የግዛቱ ሕግ ግን ልጅን በጉዲፈቻ መውሰድ የሚችለው አንድ ያላገባ ሰው ወይም ባልና ሚስት ብቻ ነው ስለሚል፥ እያንዳንዱ ልጅ በሕግ ዘንድ አንዲት እናት ብቻ ነበረችው። ከሁለቱ አንዷ ብትሞት ሌላይቱ በጉዲፈቻ እንድትወስዳቸው ባልተፈቀደላት ልጆች ላይ በሕግ መብት አልነበራትም። ሌላው ደግሞ ወደ አፍጋኒስታን የዘመተ ወታደር ነው። ከመዝመቱ በፊት በኒው ዮርክ ተጋብቶ ነበር፤ ሲመለስ ግን መኖሪያው ቴኔሲ ስለ ሆነ፥ ጋብቻው የግዛቱን ወሰን ሲሻገር የሚፈርስ፥ ወሰኑን ሲመለስ ደግሞ የሚጸና ሆነበት።

የአራቱ ግዛቶች ይግባኝ በአንድ ላይ ተሰምቶ በኖቬምበር 6 ቀን 2014 ዓመት በሁለት ድምፅ በአንድ ላይ ለግዛቶቹ ተፈረደ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ጄፍሪ ሰተን ያቀረቡት ምክንያት በቀላሉ የሚናቅ አልነበረም። እንዲህ ያለ ትልቅ ለውጥ በዳኞች ቃል ከሚታዘዝ ይልቅ፥ ዜጎች እንደ ባላጋራ ሳይሆን እንደ አንድ አገር ሰዎች ተነጋግረው በድምፃቸው ቢወስኑት ይሻላል የሚል ነበር። በሐሳብ የተለዩዋቸው ሦስተኛዋ ዳኛ ግን፥ በችሎቱ ፊት የቆሙት ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች እንጂ ስለ መንግሥት አስተዳደር ትምህርት ሊሰሙ የመጡ አይደሉም ሲሉ መለሱ። እንግዲህ ክርክሩ በሁለት ጥያቄዎች ላይ ቆመ ማለት ነው። ጋብቻ ምንድን ነው የሚለው አንደኛው ሲሆን፥ ይህን የሚወስነው ማን ነው የሚለው ሁለተኛው ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ነው፤ ዳኞቹን ይበልጥ ያስጨነቃቸው ግን ሁለተኛው ነበረ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስለዚህ ነገር ሲጠየቅ የመጀመሪያው ጊዜ አልነበረም። በ1972 ዓመት ከሚኔሶታ ግዛት የመጡ ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ አቤቱታ አቅርበው ነበር። ያን ጊዜ ፍርድ ቤቱ ክርክር እንኳ ሳይሰማ፥ ነገሩ የፌዴራሉን ሕግ የሚመለከት በቂ ጥያቄ የለበትም በማለት በአንድ ዐረፍተ ነገር አሰናበታቸው። ከዚያ በኋላ ነገሩ በየግዛቱ ሲንከባለል ቆየ። በ2003 ዓመት የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጋብቻውን ሲፈቅድ፥ ሌሎች ብዙ ግዛቶች ደግሞ በሕዝብ ድምፅ ከለከሉት። በጁን 26 ቀን 2013 ዓመት ኤዲት ዊንድዘር የተባሉ አሮጊት ያቀረቡት አቤቱታ ተፈረደ። እኒህ ሴት በካናዳ ያገቧቸው የትዳር ጓደኛቸው ሲሞቱ፥ የፌዴራሉ መንግሥት ጋብቻውን ስላልተቀበለ ከ363 ሺህ ዶላር በላይ የውርስ ግብር ከፍለው ነበር። ፍርድ ቤቱም ያንን የሚከለክለውን የ1996 ዓመት ሕግ አንቀጽ ሻረው። ሚስተር ኦበርገፌል ለታማሚው ጓደኛቸው የጋብቻ ጥያቄ ያቀረቡት ይህ ፍርድ በተሰማበት ቀን ነበር። በ2015 ዓመት መጀመሪያ ላይ ከ30 በሚበልጡ ግዛቶች ጋብቻው ይፈጸም ነበር፤ በቀሩት ግን የተከለከለ ነበር። እንዲህ ባለ አኳኋን አንድ አገር በሁለት ሕግ ይኖር ነበር።

ክርክሩ በኤፕሪል 28 ቀን 2015 ዓመት በዋሽንግተን ተሰማ። ለመግባት የፈለጉ ሰዎች ከቀናት አስቀድመው በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ተሰልፈው ሌሊቱን በዚያው ያድሩ ነበር። ደጋፊዎችም ተቃዋሚዎችም ጽሑፍና ሰንደቅ ይዘው በአንድ መንገድ ላይ ቆመው ነበር። አብያተ ክርስቲያናት፥ የንግድ ማኅበሮች፥ መምህራንና የሕዝብ እንደራሴዎች ከ100 የሚበልጡ የሐሳብ ጽሑፎችን ለዳኞቹ አስገብተው ነበር። ችሎቱም ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ።

ዳኞቹ የጠየቁት ጥያቄ ለማንኛውም ወገን የሚያስደስት አልነበረም። የብዙዎች ዓይን በእሳቸው ላይ የነበረው ዳኛ አንተኒ ኬኔዲ፥ ጋብቻ በወንድና በሴት መካከል ነው የሚለው ትርጓሜ ለብዙ ሺህ ዓመታት የኖረ ስለ ሆነ፥ ፍርድ ቤት እኛ የተሻለ እናውቃለን ማለቱ እጅግ ከባድ ነው አሉ። ለአመልካቾቹ ያደላሉ ተብለው የሚገመቱት ዳኛ ስቲቨን ብራየርም፥ ሕዝብ ድምፅ ሳይሰጥ ዘጠኝ ሰዎች ይህን የሚያዙት ለምን እንደ ሆነ ጠበቃዋን ጠየቁ። ዋናው ዳኛ ጆን ሮበርትስ ደግሞ፥ ክርክር በፍርድ ሲዘጋ የሰዎችም ልብ አብሮ ሊዘጋ ይችላል ሲሉ አሳሰቡ። የሚቺጋን ግዛት ጠበቃ፥ ነገሩ ጋብቻ ምን እንደ ሆነ ለመተርጐም ሳይሆን ማን እንደሚተረጕመው ለመወሰን ነው ብሎ ተከራከረ። ግዛቱ ጋብቻን የደነገገው ልጆችን ከወለዷቸው አባትና እናት ጋር ለማስተሳሰር ነውም አለ። ዳኛ ኬኔዲ ግን በዚህ ላይ መልሰው፥ አመልካቾቹም የሚፈልጉት ያንኑ የጋብቻን ክብር ነው ሲሉ አመለከቱ። የሰሙት ሁሉ ፍርዱ ወዴት እንደሚያጋድል ሳያውቁ ወጡ።

ከዚህ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ዝምታ ሆነ። በዚያ ፍርድ ቤት ልማድ መሠረት ዳኞቹ ክርክር ከሰሙ በኋላ ጸሐፊም አገልጋይም በሌለበት ክፍል ብቻቸውን ተቀምጠው ይመክራሉ። በድምፅ ከበለጡት መካከል በማዕረግ የሚቀድመው ዳኛ ፍርዱን ማን እንደሚጽፈው ይወስናል። የተጻፈው ረቂቅ ከአንዱ ዳኛ ወደ ሌላው እየተላለፈ ይታረማል፤ የሚቃወሙትም የልዩነት ሐሳባቸውን ይጽፋሉ። ፍርዱ በየትኛው ቀን እንደሚነገር አስቀድሞ ለማንም አይገለጽም። የሚታወቀው የፍርድ ቤቱ የሥራ ዘመን በጁን መጨረሻ ገደማ የሚፈጸም መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ሚስተር ኦበርገፌል በጁን ወር ፍርድ በሚነገርበት ቀን ሁሉ ከችሎቱ ይገኙ ነበር። ጧት ይገባሉ፤ የሌላ ሰው ጉዳይ ሲፈረድ ይሰማሉ፤ የእሳቸው ስም ሳይጠራ ይወጣሉ።

ይህ መዘግየት ከንቱ አይደለም። ዳኛ ቸኵሎ ቢናገር የተረታው ወገን ሳልሰማ ተፈረደብኝ ይላል፤ የረታውም ወገን ያገኘው ነገር በምክንያት ያልተደገፈ ይሆንበታል። ሆኖም መዘግየት ለሁሉ በአንድ ሚዛን አይደርስም። ዳኛው በሚጽፍበት ወራት ሕመምተኛው ይደክማል፥ ሕፃኑም ያድጋል። ኤዲት ዊንድዘር ፍርዳቸውን የሰሙት በ84 ዓመታቸው ነው። ሚስተር አርተር ግን የዋናውን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቃል ሳይሰሙ ቀሩ። ስለዚህ ሕዝብ ይወስን፥ እስከዚያም እንታገሥ የሚለው ምክር ጥበብ ያለበት ቢሆንም፥ መታገሥ የሚወድቅባቸው ሰዎች ምክሩን ከሚሰጡት ሰዎች የተለዩ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም።

በጁን 26 ቀን 2015 ዓመት፥ ማለት በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 19 ቀን 2007 ዓመተ ምሕረት፥ ጧት በአራት ሰዓት በዋሽንግተን አቈጣጠር ዳኞቹ ተሰየሙ፤ የጉዳዩም ቍጥር ተጠራ። ሚስተር ኦበርገፌል በአዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ዳኛ ኬኔዲም ፍርዱን ሲያነቡ፥ በ1868 ዓመት የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ 14ኛው ማሻሻያ ለሰው ሁሉ የሰጠው ነፃነትና የሕግ እኩልነት እነዚህንም ሰዎች ይጨምራል ብለው ተናገሩ። ስለዚህ ግዛት ሁሉ ጋብቻውን እንዲፈጽም፥ በሌላ ግዛት የተፈጸመውንም እንዲቀበል ታዘዘ። ፍርዱ በአምስት ድምፅ በአራት ላይ የተሰጠ ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ፎቶግራፍም ሆነ የድምፅ ማስተላለፊያ ስለማይፈቀድ፥ የዜና ማሰራጫዎች ወጣት ሠራተኞች የታተመውን ፍርድ በእጃቸው ይዘው እየሮጡ ወደ ውጭ አወጡት፤ በደጅ የቆመው ሕዝብም ሰማ።

አራቱ ተቃዋሚ ዳኞች እያንዳንዳቸው የልዩነት ሐሳባቸውን ጻፉ። ዋናው ዳኛ ሮበርትስም በዚያ ሥልጣን ከተቀመጡ ጀምሮ አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ የተቃውሞአቸውን ቃል ከችሎቱ ላይ ሆነው ድምፃቸውን አሰምተው አነበቡ። የረቱት ሰዎች ደስ ቢላቸው እንደማይነቅፉ፥ ነገር ግን የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ስለዚህ ነገር የሚለው ምንም እንደሌለ ተናገሩ። እንደ እሳቸው አስተያየት፥ ሕዝቡ ገና በሚከራከርበት ነገር አምስት ዳኞች የራሳቸውን ፈቃድ ሕግ አድርገዋል። ይህም በአባቶች አነጋገር፥ በቅሎይቱ የሄደችው በፍርድ ነው ወይስ ያለ ፍርድ ብሎ መጠየቅ ነው። አሸናፊዎቹ ደግሞ መሠረታዊ መብት በድምፅ ብዛት የሚሰጥና የሚነሣ ከሆነ መብት አይባልም ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ግን ተሰምተዋል፤ የሁለቱም ምክንያት በአንድ መዝገብ ተጽፎ ማንም ሊያነበው ይችላል።

የሌሎች አገሮች ፍርድ ቤቶችም በዚሁ ጥያቄ ፊት ቆመው መንገዳቸው ተለያይቷል። የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በዲሴምበር 1 ቀን 2005 ዓመት ለአመልካቾች ከፈረደ በኋላ ሕጉን እንዲያስተካክል ለምክር ቤቱ 12 ወር ሰጠው፤ ምክር ቤቱም ቀነ ገደቡ ሊፈጸም ሲል ሕጉን አወጣ። የታይዋን ዳኞች በ2017 ዓመት ሁለት ዓመት ሰጡ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2023 ዓመት አምስት ዳኞች ለብዙ ቀናት ክርክር ሰምተው፥ ፍርዱም ለወራት ከተጠበቀ በኋላ በኦክቶበር 17 ቀን ጥያቄውን አልተቀበለም፤ እንዲህ ያለውን ሕግ ማውጣት የምክር ቤቱ ፈንታ ነው አለ። በኒው ዴልሂ የጠበቁት ሰዎች በዋሽንግተን ከጠበቁት ያነሰ አልታገሡም፤ የሰሙት ቃል ግን ሌላ ነበረ። ፍርድን መጠባበቅ ማለትም ይህ ነው፤ የሚጠብቀው ሰው የሚመጣውን አያውቅም።

በአሜሪካም ቢሆን ፍርዱ ከተነገረ በኋላ መጠባበቁ ፈጽሞ አልቀረም። በ2022 ዓመት ያው ፍርድ ቤት ስለ ፅንስ ማስወረድ 49 ዓመት ያህል የኖረውን ፍርድ በሻረ ጊዜ፥ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ የጋብቻውም ፍርድ እንደገና ሊመረመር ይገባል ብለው ጻፉ። ብዙ ሰዎች በዚህ ስለ ሠጉ የአገሪቱ ምክር ቤት በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ሕግ አወጣ። ይኸውም ፍርዱ እንኳ ቢሻር፥ አንዱ ግዛት በሌላው ግዛት በሕግ የተፈጸመውን ጋብቻ እንዲቀበል የሚያስገድድ ነው። በኖቬምበር 2025 ዓመትም አንዲት የኬንታኪ የቀድሞ የአውራጃ ጸሐፊ የ2015ቱ ፍርድ እንዲሻር ያቀረቡትን አቤቱታ ፍርድ ቤቱ ሳይቀበለው ቀረ። ስለዚህ ዳኞች የጀመሩትን ነገር የሕዝብ እንደራሴዎች በከፊል በሕግ አጽንተውታል። ዳኛ ሰተንና ዋናው ዳኛ ሮበርትስ ነገሩን ለሕዝብ ተዉት ሲሉ ያሳሰቡትም ቃል በዚህ አኳኋን ከፊል ምላሽ አግኝቷል።

የሚቺጋኖቹ ሁለት ነርሶች ፍርዱ በተሰማበት ዓመት ተጋቡ። ያጋቧቸውም በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ጉዳያቸውን የሰሙት ዳኛ ነበሩ። ልጆቻቸውም በሕግ የሁለቱ ልጆች ሆነው ተመዘገቡ። በሲንሲናቲ ደግሞ ነገሩ ሁሉ የተነሣባት ያች ወረቀት ሳትለወጥ ቀረች፤ የጆን አርተር የሞት ምስክር ወረቀት ያገቡ እንደ ነበሩ ይናገራል፤ የትዳር ጓደኛቸውንም ስም ይዟል። ይህን ቃል ለማጽናት ከመጀመሪያው አቤቱታ ጀምሮ 23 ወር ፈጅቷል፤ ስሙ የተጻፈለት ሰው ግን የመጨረሻውን ቃል አልሰማም። ዳኛ በመዝገብ ላይ የሚያሳልፋት እያንዳንዷ ቀን ከአንድ ሰው ዕድሜ ላይ የምትቀነስ መሆኗን ይህች ወረቀት ትመሰክራለች። ስለዚህ ዳኛ ላለመሳሳት መዘግየቱ ተገቢ ቢሆንም፥ ያለ ምክንያት እንዳይዘገይ መጠንቀቁ ደግሞ የፍርዱ አንድ ክፍል ነው።